ቤቱ ቀድሞ መንገዱ ሲዘገይ

ዛሬ ስለ ንጉሥም ስለ ጦርነትም አላወራም። ስለ ሰፈር መንገድ ነው። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አሜሪካ ውስጥ መኪና እንደ አሸን ፈላ። በ1929 የተመዘገበው ከ20 ሚሊዮን በላይ ነበር። ከተሞቹ ግን የተቀየሱት ለእግረኛና ለፈረስ ጋሪ ነው። መንገዶቹ እንደ ዳማ ሰሌዳ ስለሚቆራረጡ፣ በየትኛውም ሰፈር ውስጥ አቋራጭ ፈላጊ መኪና ያልፋል። ደጅ ላይ የሚጫወት ልጅ ነበር ዋጋውን የሚከፍለው።

ክላረንስ ስታይንና ሄንሪ ራይት የሚባሉ ሁለት ባለሙያዎች ለዚህ መላ ፈለጉ። ኒው ጀርሲ ውስጥ ራድበርን የሚባል አዲስ ሰፈር ነደፉ፤ በ1929 የመጀመሪያዎቹ ነዋሪዎች ገቡ። አሠራሩ ምን መሰላችሁ? መንገዱን በደረጃ ከፋፈሉት። ትልቁ መንገድ ሰፈሩን በዳር ያልፋል፣ መካከለኛው መኪናውን ይሰበስባል፣ ትንሿ ደግሞ ቤቱ ደጅ ደርሳ ታበቃለች፤ ወደ ሌላ ቦታ አታሳልፍም። ከቤቶቹ በሌላ በኩል ፓርክ አለ፣ የእግር መንገዱም በዚያ ነው። ዋናውን መንገድ መሻገር ካስፈለገ ልጆች በሥሩ ያልፋሉ።

በዚያው ዓመት ክላረንስ ፔሪ የተባለ ሰው ተመሳሳይ ሐሳብ በጽሑፍ አወጣ። የሰፈር ልኩ ትምህርት ቤቱ ነው አለ። ትምህርት ቤቱ መሐል ላይ ይሁን፣ አውራ ጎዳናው ድንበር ይሁን፣ ሕፃን ልጅ ትልቅ መንገድ ሳይሻገር ተምሮ ይመለስ። እኔ መምህር ስለሆንኩ ይሁን አላውቅም፣ ይቺ ሐሳብ በጣም ትማርከኛለች።

ራድበርን ግን አላለቀም። ለ25 ሺህ ሰው ታቅዶ ሳለ የኢኮኖሚው ቀውስ መጣና ትንሽ ክፍሉ ብቻ ተሠርቶ ቀረ። ከዚያ በኋላ የመጡ ብዙ ግንበኞች ደግሞ የወደዱትን ብቻ ቀዱ። መጨረሻው የተዘጋውን መንገድ ወሰዱ፣ ፓርኩንና የእግር መንገዱን ተዉት። ውጤቱ፣ ሰው ሁሉ ለዳቦ እንኳ መኪና አስነስቶ በአንዲት መውጫ ላይ ይጋፋል።

ታሪኩ እኛም ጋ ደርሷል። እ.ኤ.አ. በ1956 እንግሊዛዊው ሰር ፓትሪክ አበርክሮምቢ ለአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ሲያዘጋጅ ይህንኑ የሰፈር ክፍፍል ከቀለበትና ከጨረር መንገዶች ጋር ይዞ መጣ። አዲስ አበባ ግን የበቀለችው ከመኳንንቱ ግቢዎች ዙሪያ ነው። የራስ እገሌ ሰፈር፣ የደጃች እገሌ ሰፈር እያልን የምንጠራው ለዚህ ነው። በሰፈሮቹ መሐል የቀረው የእግር መንገድ በኋላ የመኪና መንገድ ሆነ። ፕላኑም በከፊል እንጂ በሙሉ አልተሠራም።

ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ኮንዶሚኒየም መጣ። ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ። ብዙ ሰው ከኪራይ ተገላገለ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ግን ቤቱ ዳር ወጣ፣ ሥራው መርካቶና ሜክሲኮ ቀረ።

እስቲ አብረን እናስላ። 5,000 ቤት ያለው አንድ ሳይት ውሰዱ። ከየቤቱ 2 ሰው ጠዋት ቢወጣ 10,000 ሰው ነው። በ12 ሰው ሚኒባስ ብናጭነው ከ830 በላይ ምልልስ ይሆናል። ሁሉም በ2 ሰዓት ውስጥ ይውጣ ካልን፣ በየ9 ሴኮንዱ አንድ ሙሉ ሚኒባስ መነሳት አለበት። መውጫው አንድ ከሆነ ደግሞ እዚያች አፍ ላይ የቆመ አንድ የተበላሸ መኪና ሰፈሩን በሙሉ ያስረዋል። አምቡላንስም፣ የእሳት አደጋ መኪናም፣ ወደ ፈተና የሚሮጥ ተማሪም እኩል ይቆማሉ።

ስለዚህ የአዲስ ሰፈር ፕላን ስታዩ የሳሎኑን ስፋት ብቻ አትጠይቁ። መውጫው ስንት ነው? ታክሲና አውቶቡስ የት ይቆማል? ትምህርት ቤቱ አስፋልት ሳይሻገሩ ይደረሳል? መንገዱ የሚያልቀው ከቤቱ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ቤት ከተሠራ በኋላ መንገድ ማስፋት ማለት የሰው ቤት ማፍረስ ማለት ነው፤ ወረቀት ላይ እያለ ግን አንድ መስመር ማስመር ብቻ ነው።

ከተማሪዎቼ መሐል ኢንጂነርና የከተማ ፕላን ባለሙያ የሆናችሁ አላችሁ። ይሄ የቤት ሥራ የእናንተ ነው። የእናንተ ሰፈር ስንት መውጫ አለው? ኮሜንት ላይ ጻፉልኝ።