የአፍሪቃ የእግር ኳስ ማኅበር እንዴት ተመሠረተ? እንዴትስ ይሠራል?

የእግር ኳስ ግጥሚያ በሜዳ ተገኝቶ ያላየ ወይም በሬዲዮ ያልተከታተለ ሰው በከተማችን ጥቂት ነው። ሁለት አገሮች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓትና በአንድ ሕግ ሥር እንዲገናኙ ያደረገው ማን እንደ ሆነ የሚጠይቅ ግን ብዙ አይደለም። ተመልካች ኳሱን ያያል፤ ከኳሱ በስተ ጀርባ ያለውን ደንብ፣ ቃለ ጉባኤና ማኅተም አያይም። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የአፍሪቃ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭር ስሙ «ካፍ» የሚባለው ማኅበር፣ እንዴት እንደ ተመሠረተና በምን ሥርዓት እንደሚሠራ እንመለከታለን። ዓመታቱንም በኢትዮጵያ አቈጣጠር እንጠቅሳለን።

የእግር ኳስ አስተዳደር እንደ መንግሥት ሥራ ሁሉ በደረጃ የተዋቀረ ነው። በደቡብ ወሎ ደጋ፣ በደጎሎ ወይም በመካነ ሰላም፣ ኳስ የሚጫወት አንድ ወጣት እናስብ። ችሎታው አድጎ ለታወቀ ክለብ ቢመዘገብ፣ ክለቡ የሚተዳደረው በኢትዮጵያ እግር ኳስ ፌዴሬሽን ደንብ ነው። ለብሔራዊ ቡድን ተመርጦ ለአፍሪቃ ዋንጫ ቢሰለፍ፣ ውድድሩን የሚያዘጋጀው፣ ዳኞቹን የሚመድበውና አቤቱታ ቢነሣ የሚመረምረው ካፍ ነው። ከካፍ በላይ የዓለሙ ማኅበር ፊፋ አለ። እንደ ካፍ ያሉ የየክፍለ ዓለሙ ማኅበራት በጠቅላላው ስድስት ናቸው።

የካፍ ዋና ጽሕፈት ቤት በግብፅ አገር ነው፤ አባሎቹም 54 ፌዴሬሽኖች ናቸው። የበላይ ሥልጣን ያለው ጠቅላላ ጉባኤው ሲሆን፣ ደንብ የሚያጸድቅና ፕሬዚዳንት የሚመርጥ እርሱ ነው። ከጉባኤ እስከ ጉባኤ ሥራውን የሥራ አስፈጻሚ ኮሚቴው ይመራል፤ የየዕለቱን ጉዳይ ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ያከናውናል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቁም ነገር ግን አንድ አባል አንድ ድምፅ ያለው መሆኑ ነው። በወሎ ገጠር ሁለት መንደሮች በግጦሽ ወሰን ተጣልተው በሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ የትልቁ መንደር ሰው መብዛት ለፍርዱ ሚዛን አይሆንም። በካፍ ጉባኤም የብዙ ሚሊዮን ሕዝብ አገርና ትንሿ ደሴት እኩል እጅ ያወጣሉ።

ይህ የእኩልነት መሠረት በቀላሉ የተጣለ አይደለም። ጉዳዩ የተጀመረው በሰኔ 1948 ዓ.ም. የፊፋ ጉባኤ በሊዝበን በተሰበሰበ ጊዜ፣ የአፍሪቃ ልዑካን ለክፍለ ዓለማቸው ማኅበር ለማቋቋም በመመካከራቸው ነው። ከዚያም የካቲት 1 ቀን 1949 ዓ.ም. የግብፅ፣ የሱዳን፣ የኢትዮጵያና የደቡብ አፍሪቃ መልእክተኞች በካርቱም ተገናኝተው ካፍን መሠረቱ። የግብፁ አብደል ዓዚዝ ዓብደላ ሳሌም የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሆኑ። ከኢትዮጵያ በኩል ከመሥራቾቹ አንዱ አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

በዚያው ወር የመጀመሪያው የአፍሪቃ ዋንጫ በካርቱም ሊደረግ ተወሰነ። ወዲያውም አዲሱ ማኅበር ብርቱ ፈተና ገጠመው። ደቡብ አፍሪቃ በዘር ልዩነት ሕጓ ምክንያት ነጮች ብቻ ወይም ጥቁሮች ብቻ ያሉበት ቡድን እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለች። የቀሩት ሦስቱ አገሮች በዚህ አልተስማሙም። ውድድሩም ያለ ደቡብ አፍሪቃ ተደረገ፤ ተጋጣሚዋ ትሆን የነበረችው ኢትዮጵያም ሳትጫወት ለፍጻሜ አልፋ በግብፅ 4 ለ 0 ተሸነፈች። አራቱንም ጎል ያገባው አድ-ዲባ ነበር።

አስተውል፤ ማኅበሩ ገና ከመወለዱ ከአራት አባሎቹ አንዱን ማጣት፣ ዋንጫውንም በሁለት ግጥሚያ ብቻ መፈጸም ነበረበት። ለቍጥር ቢሳሳ ኖሮ ለጊዜው ዓይኑን ጨፍኖ ማለፍ ይችል ነበር። መሥራቾቹ ግን የጐደለ ቡድን ከጐደለ ሕግ ይሻላል ብለው ቈረጡ። ደቡብ አፍሪቃም ቆይታ ከካፍ ተሰረዘች። ፊፋ በ1954 ዓ.ም. አገዳት፤ የፊፋው ፕሬዚዳንት ሰር ስታንሊ ራውስ ወደዚያ ሄደው ከተመለሱ በኋላ በ1955 ዓ.ም. እገዳው ተነሣ፤ በአፍሪቃውያን ግፊት በ1957 ዓ.ም. እንደ ገና ታገደች፤ በ1968 ዓ.ም.ም ከፊፋ ተባረረች።

በዚህ መካከል ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸንፋ የአፍሪቃን ዋንጫ ወሰደች። የቡድኑ አለቃ ሉቺያኖ ቫሳሎ ዋንጫውን ከንጉሠ ነገሥቱ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ።

ሁለተኛው ትልቅ ክርክር ስለ ዓለም ዋንጫ ነበር። በ1958 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ለሚደረገው ውድድር ከ16ቱ ቦታዎች ለአፍሪቃ፣ ለእስያና ለኦሺያንያ በአንድነት አንዲት ብቻ ተመደበች። የአፍሪቃ አሸናፊ ከእስያውና ከኦሺያንያው አሸናፊ ጋር ገና ሊጋጠም ነበር። አቶ ይድነቃቸውና የጋናው ኦሄኔ ጃን ይህን አጥብቀው ተቃወሙ፤ የካፍ አባሎችም በአንድነት ከማጣሪያው ወጡ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ በ1962 ዓ.ም. የሜክሲኮ ዓለም ዋንጫ አፍሪቃ የራሷን አንድ ቦታ አገኘች፤ ሞሮኮም ተሰለፈችበት። ይህ ቍጥር በ1974 ዓ.ም. ሁለት፣ በ1990 ዓ.ም. አምስት ሆነ፤ ለ2018 ዓ.ም. ውድድር ደግሞ ዘጠኝ ቀጥተኛ ቦታ ተመደበ። አቶ ይድነቃቸው ከ1964 ዓ.ም. አንሥቶ ነሐሴ 13 ቀን 1979 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ካፍን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት በቢሮ ለሚሠራ ሰው ሩቅ አይደለም። የኢትዮጵያ ቡድን ከ1974 ዓ.ም. በኋላ ለ31 ዓመት ከአፍሪቃ ዋንጫ ሲቀር፣ መሥራች ናትና ትለፍ ያለ አልነበረም፤ ሊኖርም አይገባውም ነበር። በ2005 ዓ.ም. በማጣሪያው አልፋ ስትመለስ ውድድሩ የተዘጋጀው በደቡብ አፍሪቃ ነበር። ያች አገር የዘር ልዩነት ሕጓን ሽራ በ1984 ዓ.ም. ወደ ማኅበሩ ተመልሳ፣ በ1988 ዓ.ም. ዋንጫውን ራሷ አዘጋጅታ አሸንፋበት ነበር። ለአንዷ በሩን የዘጋው፣ ኋላም የከፈተላት፣ ሌላዪቱንም በችሎታዋ ብቻ ያስገባት ያው በካርቱም የተጀመረው ሕግ ነው።