ከጭቃ እስከ ሲሚንቶ፦ የአዲስ አበባ ግድግዳዎች

ስለ ከተሞችና ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሲነሣ በአብዛኛው የሚታሰበው የመኪና ጭስ ነው። ግድግዳም ጭስ አለው ብሎ የሚጠረጥር ጥቂት ነው። የአዲስ አበባን የግንባታ ታሪክ ከዚህ አንጻር ላየው ግን፣ ከተማይቱ የምትሠራበትን ነገር በለወጠች ቁጥር በአየር ላይ ያለባት ዕዳም አብሮ ሲለወጥ ይገኛል።

ከተማይቱ እ.ኤ.አ. በ1886 ስትቆረቆር ቤት ማለት እንጨት፣ ጭቃና ሣር ነበር። እንጨቱ ለምሰሶና ለማገር ብቻ ሳይሆን ለምድጃም ስለሚፈለግ፣ በዙሪያዋ የነበረው ደን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመናመነ። ዳግማዊ ምኒልክ በዚሁ ችግር ምክንያት መናገሻቸውን በስተምዕራብ ወዳለችው አዲስ ዓለም ለማዛወር አስበው እንደ ነበር ይታወቃል። አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት በ1890ዎቹ የገባው የአውስትራሊያው ባሕር ዛፍ ነው። ውኃ ይመጣል፣ አፈር ያደኸያል እየተባለ የሚቀርብበት ክስ ብዙ ቢሆንም፣ ፈጥኖ ያድጋል፤ ሲቆረጥም ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል።

የጭቃ ቤት አሠራር ለአንባቢ እንግዳ አይደለም። ቋሚው ይተከላል፤ ማገሩ ይመታል፤ ከጭድ ጋር ተቦክቶ የሰነበተው ጭቃ ይመረጋል። አፈሩ ከቅርብ ይቆፈራል እንጂ በእሳት አይቃጠልም። ዛፉ ሲያድግ ከአየር የወሰደውን ካርቦንም ቤቱ እስከቆመ ድረስ ይዞት ይቆያል። ወፍራሙ ግድግዳ ደግሞ የቀኑን ሙቀት ለብርዳማው ሌሊት ያቆያል። በእርግጥ በክረምት ግርጌው የራሰበትንና አይጥ ያስቸገረውን ሰው ይህ ሁሉ አያጽናናውም፤ ሕዝቡ ጭቃን የሸሸው ያለ ምክንያት አይደለም።

የሸሸውም ወደ ሲሚንቶ ነው። ሲሚንቶ፣ ፌሮ፣ ብሎኬት፦ ለአንድ ተርጓሚ እነዚህ ቃላት ራሳቸው ታሪክ ይናገራሉ፤ ሦስቱም የጣሊያንኛ ቅርስ ናቸው። የአገሪቱ የመጀመሪያ የሲሚንቶ ፋብሪካም ድሬዳዋ ላይ የተቋቋመው በጣሊያን ወረራ ዘመን ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የሙገር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ከ2000ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ሲስፋፋ ሲሚንቶ እንደ እህል ወረፋ የሚጠበቅበት ዘመን መጣ።

ዕዳው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሲሚንቶ ለመሥራት የኖራ ድንጋይ ከሌላ አፈር ጋር እስከ 1,450 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ እቶን ይጋገራል። ድንጋዩ ሲጋገር በውስጡ ታስሮ የኖረው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ከእቶኑ ከሚወጣው ጋዝ ከግማሽ የሚበልጠው ከነዳጁ ሳይሆን ከራሱ ከድንጋዩ ነው። ስለዚህ ነዳጁን በንጹሕ ኃይል መተካት ብቻውን ችግሩን አይፈታውም።

በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች የቤት ካርቦን ሲባል በይበልጥ የሚታሰበው ማሞቂያና ማቀዝቀዣ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ሁለቱም እምብዛም አያስፈልጓትም፤ የኤሌክትሪክ ኃይሏም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። እንግዲህ የአንድ የአዲስ አበባ ፎቅ ጭስ አብዛኛው የወጣው ነዋሪው ቁልፍ ከመረከቡ በፊት ነው ማለት ይቻላል። (በመስታወት የተሸፈኑት ፎቆች ፀሐይን ወደ ውስጥ አስገብተው፣ በዚህ አየር ማቀዝቀዣ የሚያስፈልጋቸው መሆኑ የራሳችን ፈጠራ ነው።)

መፍትሔው ከዚሁ ከምድራችን የራቀ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ የሚገኘው የእሳተ ገሞራ አፈር ተፈጭቶ ሲጨመር፣ ተቃጥሎ የሚዘጋጀው መጠን ይቀንሳል፤ በገበያ ላይ ያለው ፒፒሲ የሚባለው ሲሚንቶ በዚህ መንገድ የሚሠራ ነው። ብዙ ግንበኛ ግን ለዓምድና ለሶሌታ ቶሎ የሚጠነክረውን ኦፒሲን ይመርጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ገደማ ደግሞ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሕንፃ ኢንስቲትዩት ግቢ፣ ከዙሪክ ቴክኒክ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በአብዛኛው ከአፈር የተሠራ ባለ ሁለት ደረጃ የሙከራ ቤት ቆሞ ነበር። ጭቃ ፎቅ አይችልም ለሚለው ክርክር በቂ መልስ ነበር፤ ከተማይቱ ግን አልተከተለችውም።

እ.ኤ.አ. በ2024 በፒያሳና በአካባቢው ነባር ቤቶች ሲፈርሱ ክርክሩ በአብዛኛው በቅርስና በነዋሪው ዕጣ ላይ ነበር፤ ይህም ተገቢ ነው። በፈረሰው ምትክ የሚቆመው ሕንፃ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ እንደሚፈጅ ግን የጠየቀ ብዙ አልነበረም።