ሸርቆሌ ላይ ቤትን ያለ ደላላ መሸጥ፦ ማስታወቂያው፣ ወረቀቱና ቀብዱ

ሸርቆሌ ላይ አንድ ሰው ቤቱን ሊሸጥ ማሰቡ ከዙህር እስከ ዐስር ባለው ጊዜ ገበያውን ያዳርሳል። ጎረቤት ይሰማል፣ ሻይ ቤቱ ይሰማል፣ ደላላው ከሁሉም ቀድሞ ይሰማል። ነገር ግን የሚሰማው ሁሉ የሚገዛ አይደለም። አቅም ያለው ገዢ ብዙ ጊዜ ከወረዳው ውጭ ነው፦ አሶሳ የሚነግድ፣ በኩርሙክ መስመር የሚመላለስ፣ ወይም ዐረብ አገር ሠርቶ ያጠራቀመ የአካባቢው ልጅ ሊሆን ይችላል። ለእሱ ወሬው የሚደርሰው በደላላ አፍ ከሆነ ዋጋው መንገድ ላይ ሊለወጥ ይችላል። ባለቤቱ አንድ ቁጥር ይናገራል፣ ገዢው ሌላ ይሰማል፣ ልዩነቱ የት እንደገባ ሁለቱም የሚያውቁት ካለቀ በኋላ ነው።

ይህን ስንል ደላላን ሁሉ ለመውቀስ አይደለም። ድለላ በሕግም በሸሪዓም የታወቀ ሥራ ነው። ሆኖም ቤት ለመሸጥ ደላላ የግድ ነው የሚል ሕግ የለም። በነቢዩ ﷺ ዘመን የከተማ ሰው ከገጠር ለመጣው እንዳይሸጥለት የተከለከለበትን ሐዲስ ኢብኑ ዐባስ ሲያብራሩ ደላላ እንዳይሆነው ማለት ነው ብለዋል። ዑለሞች ስለ ክልከላው ስፋት ይለያያሉ፤ ሐሳቡ ግን ዋጋ የማያውቀው ሰው በሌላው እጅ እንዳይወድቅ፣ ገበያውም እንዳይታነቅ ነው። መካከለኛ መንገድም አለ። አዲስ አበባ ውስጥ በተለምዶ ከሻጭም ከገዢም ሁለት ሁለት በመቶ ይጠየቃል። እናንተ ግን ገዢ ላገናኘ ሰው ብቻ የተቆረጠ ገንዘብ እንከፍላለን ብላችሁ በወረቀት ልትስማሙ ትችላላችሁ። ለደላላ ፈጽሞ የማይሰጠው ውክልና ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2205 መሠረት ተወካይ ቤት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልገዋል፤ ያንን የሰጣችሁት ሰው ቤታችሁን መሸጥ ይችላል ማለት ነው።

ከማስታወቂያው በፊት የምትሸጡት ምን እንደሆነ ይጣራ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፤ የሚሸጠው በላዩ የተሠራው ቤት ነው። የከተማ ይዞታ ካርታ ያለው ቤትና በገጠር ይዞታ ላይ የተሠራ ቤት አንድ አይደሉም። የግድግዳው ብሎኬት መሆን ወይም የቀርከሃና የጭቃ መሆን ይህን አይለውጠውም። ስለዚህ ካርታው በማን ስም እንዳለ፣ ዕዳና እገዳ እንደሌለበት፣ የግብር ደረሰኙም የተሟላ መሆኑን ከማዘጋጃ ቤቱ ወይም ከወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት አረጋግጡ።

ብዙ ሽያጭ የሚፈርሰው ደግሞ በቤተሰብ ጉዳይ ነው። በፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) አንቀጽ 68 የጋራ ቤት ያለ ባልና ሚስት ስምምነት አይሸጥም። ቤቱ የውርስ ከሆነ የእህቶች ድርሻ ሳይለይ ወንድም ብቻውን ማስታወቂያ ማውጣቱ በዲንም በሕግም የሰው ሐቅ መንካት ነው። ወራሾች ከተስማሙ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ወራሽነታቸውን አረጋግጦ ድርሻቸውን ሊወስንላቸው ይችላል። የድርሻው ባልደረባ በሹፍዓ የመቅደም መብት አለው፤ በሐነፊ መዝሀብ ጎረቤትም አለው። ስለዚህ ለጎረቤት አስቀድሞ መንገር አይጎዳም። ማን ያውቃል፣ ገዢው እሱ ሊሆን ይችላል።

ዋጋውን ለመገመት በቅርቡ በአካባቢው የሸጡ ሁለት ሦስት ሰዎችን ጠይቁ፤ የተጠየቀውን ሳይሆን በእጅ የገባውን። ዘመድ እንደ ገዢ ሆኖ ዋጋ እንዲያስወጣላችሁ ማድረግ ግን ነጅሽ ነው፤ በሐዲስ የተከለከለ ነው።

ማስታወቂያው ቤቱን ከማሞገስ ይልቅ ገዢው የሚጠይቀውን ይመልስ። ለምሳሌ እንዲህ፦

«የሚሸጥ መኖሪያ ቤት፣ ሸርቆሌ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ የአምስት ደቂቃ እግር መንገድ። ይዞታው 300 ካሬ ሜትር፣ ካርታው በሻጭ ስም። ሦስት ክፍል፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ወጥ ቤትና መጸዳጃ ለብቻ። መብራት አለው፤ ውሃ ከቦኖ ነው። የጓሮው ግድግዳ ክረምት እርጥበት ያስገባል። ዋጋ ይህን ያህል፣ መጠነኛ ድርድር አለው። ቀጥታ ከባለቤቱ።»

ስለ እርጥበቱ የተጻፈው መስመር ብዙ ሻጭ የሚፈራው ነው። ገዢ እና ሻጭ እውነት ተናግረው ጉድለቱን ከገለጹ ሽያጫቸው እንደሚባረክ፣ ከደበቁ በረካው እንደሚጠፋ በሐዲስ ተነግሯል። በሥራም ረገድ ቢሆን ከአሶሳ መኪና ተሳፍሮ የመጣ ሰው ያልተነገረውን እርጥበት በዓይኑ ካየ ካርታውንም መጠራጠር ይጀምራል። ዋጋውን መጻፍም ይጠቅማል፤ በላዩ ላይ ለመጨመር ያሰበ ሰው በር ይዘጋበታል።

የካርታውን ፎቶ ግን በይፋ አትልቀቁ፤ ለአጭበርባሪ ማስመሰያ ይሆናል። ለማየት በአካል ለመጣ ገዢ ዋናውን አሳዩ። የቤቱን ፎቶ ስታነሱ ሴቶችና ልጆች አይታዩ፤ ለእይታም ቀን ቀጥሩ፣ ብቻችሁንም አትሁኑ።

በራችሁ ላይ «ይሸጣል» የሚል ጽሑፍና ስልክ ይለጠፍ፤ ከዚያ የአሶሳ የቴሌግራም ቡድኖችና ፌስቡክ ይከተሉ። በዚህ አካባቢ ዐረብኛ ብዙ ሰው ስለሚግባባበት ጽሑፉን በሁለቱም ቋንቋ አድርጉት፤ በበርታ ቋንቋ የተቀዳ የድምፅ መልእክት ደግሞ ማንበብ ለማይችሉ ሽማግሌዎች ይደርሳል፤ ልጆቻቸውን የሚመክሩት እነሱ ናቸው። መስጂድ ውስጥ መሸጥና መግዛት ስለተከለከለ ወረቀቱ ከቅጥሩ ውጭ፣ ኮሚቴውን አስፈቅዳችሁ ይለጠፍ።

የሚደውለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ የውጭ ዜጋ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መብት ስላለው መታወቂያ ካርዱን ጠይቁ። ሱዳናዊ ወይም ሌላ የውጭ ዜጋ ከሆነ ግን ቀብድ ሳትቀበሉ ወደ ሕግ ባለሙያ ሂዱ። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 390 የውጭ ዜጋን ከማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት አግዶ የቆየ ነው፤ በ2017 የወጣው አዋጅ የከፈተው በርም ከፍተኛ ገንዘብ ላላቸው ነው።

ቀብድ ላይ ቆም እንበል። ያለ ደላላ የሚሸጥ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1885 መሠረት ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ዛሬ 50,000 ብር ተቀብላችሁ ነገ የተሻለ ዋጋ ያለው ሰው ቢመጣ፣ ሐሳባችሁን ስትለውጡ 100,000 ትከፍላላችሁ ማለት ነው። በፊቅህ በኩል አብዛኞቹ ዑለሞች ለሻጭ የሚቀር ቀብድን (ዑርቡን) አይፈቅዱም፤ ሐንበሊዎች ይፈቅዳሉ። ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ1993 ጊዜው ከተወሰነ ፈቅዶታል። ሕጉ «ሌላ ስምምነት ከሌለ» ስለሚል በእምነታችሁ መሠረት ተስማምታችሁ መጻፍ ትችላላችሁ፦ ቀብዱ ስንት ቀን እንደሚያቆይ፣ ሽያጩ ቢፈርስ እንደሚመለስ ወይም እንደሚቀር። በቃል ብቻ አይሁን፤ ሱረቱል በቀራህ 282 ስለ መጻፍና ስለ ምስክር የሚያዘው ለዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ነው።

የቤት ሽያጭ ውል በጽሑፍ ካልሆነ አይጸናም (ቁጥር 2877)። በቁጥር 1723 ደግሞ በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ሰው ፊት መደረግ አለበት። ግብር ለመቀነስ እውነተኛውን ዋጋ አሳንሶ ማጻፍ የተለመደ ነው፤ እኛ አንመክርም። ውሉ ቢፈርስ ገዢው ማስረዳት የሚችለው የተጻፈውን ብቻ ነው፤ ሻጩም ያልተከፈለውን ቀሪ በውሉ አይጠይቅም። በአዋጅ ቁጥር 110/1990 ለስም ዝውውር የተደነገገው የቴምብር ቀረጥ 2 በመቶ ነው። በአዋጅ ቁጥር 979/2008 ደግሞ በማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ ትርፍ ላይ የ15 በመቶ ግብር ተቀምጧል። የእናንተን ቤት የትኛው እንደሚመለከተው ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ፤ የትኛውን ማን እንደሚከፍልም በውሉ ይግባ።

ክፍያው በባንክ ይሁን፤ ቁልፉም ገንዘቡ ሒሳባችሁ ውስጥ ሳይገባ አይሰጥ። ስሙ ከተዛወረ በኋላ የበሩን ጽሑፍ አንሱ፤ በየቡድኑም «ተሽጧል» ብላችሁ ጻፉ። አለበለዚያ የቆየውን ማስታወቂያ ገልብጦ በራሱ ስልክ የሚያወጣና ከማያውቀው ሰው ቀብድ የሚቀበል ሊኖር ይችላል።