ሯጩን ማን ጠየቀው?

«አትሌት ይሩጥ እንጂ ፖለቲካ ምን አገባው?» የምትል ዓረፍተ ነገር አለች። ትልቅ ውድድር በደረሰ ቁጥር ፌስቡክ ላይ ብቅ ትላለች። እኔን የሚገርመኝ፣ እንዲህ የሚል ሰው የአገራችንን የሩጫ ታሪክ ከየት ጀምሮ እንደሚያነበው ነው። ሯጮቻችን ከፖለቲካ ውጭ የኖሩበትን ዘመን እኮ ፈልጌ አላገኘሁም። (ዓመቶቹን የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

ሜክሲኮ ሲቲ፣ 1968። ቶሚ ስሚዝና ጆን ካርሎስ የ200 ሜትር ሜዳልያቸውን ተቀብለው፣ ጥቁር ጓንት ያጠለቀ እጃቸውን ጨብጠው ወደ ላይ አነሡ። ከቡድናቸው ተባረሩ። ከአራት ቀን በኋላ በዚያው ከተማ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን አሸነፈ። እሱን ማንም አላባረረውም፤ ምንም አልተናገረማ! ግን ማሞ፣ ልክ እንደ አበበ ቢቂላ፣ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር። የንጉሠ ነገሥቱ ጠባቂ የንጉሠ ነገሥቱን ባንዲራ ለብሶ ሲሮጥ ፖለቲካ ካልሆነ ምን ልንለው ነው? ልዩነቱ፣ ስሚዝና ካርሎስ ራሳቸው መረጡ፤ ማሞን ግን የጠየቀው የለም።

ደርግ ሲመጣ ደግሞ ነገሩ ባሰ። ኢትዮጵያ 1976ን፣ 1984ን እና 1988ን ኦሊምፒክ ቀረች። የመጀመሪያውን እረዳለሁ። የኒውዚላንድ ራግቢ ቡድን አፓርታይድ ወደነገሠባት ደቡብ አፍሪካ በመሄዱ ከ20 በላይ የአፍሪካ አገሮች ሞንትሪያልን ትተው ወጥተዋል፤ የሚያስከብር ምክንያት ነው። ዋጋውን የከፈለው ግን እንደ ምሩጽ ይፍጠር ያለው ነው። አራት ዓመት ጠብቆ ሞስኮ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሁለት ወርቅ ወሰደ። ባይችልስ ኖሮ?

ያልቻለም አለ። በላይነህ ዴንሳሞ በኤፕሪል 1988 ሮተርዳም ላይ ማራቶንን በ2:06:50 ሮጦ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ያ ሰዓት አሥር ዓመት የነካው አልነበረም። በዚያው ዓመት ግን መንግሥታችን ከሰሜን ኮሪያ ጎን ቆሜያለሁ ብሎ ሴኡል አልሄደም። እዚያ ማራቶኑ የተሸነፈው በ2:10:32 ነው። ሙቀቱና ፉክክሩ ሌላ መሆኑን አውቃለሁ፤ በላይነህ በእርግጠኝነት ያሸንፍ ነበር ማለቴም አይደለም። የኮሪያ ጉዳይ ከበላይነህ እግር ጋር ምን እንዳገናኘው ግን እስካሁን የሚያስረዳኝ የለም። አቋም ተይዞለታል፤ በስሙ፣ ሳይጠየቅ።

እንግዲህ ፈይሳ ሌሊሳን ከዚህ ታሪክ ጋር አያይዛችሁ እዩት። ሪዮ፣ ኦገስት 21፣ 2016። በ2:09:54 ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣመረ፤ በኦሮሚያ የተቃውሞ ሰልፎች ላይ ወጣቶች ያሳዩት የነበረው ምልክት ነው። ለአሥርት ዓመታት መንግሥት በሯጮች እግር ሲናገር ኖሮ፣ እዚህ ላይ አንድ ሯጭ በገዛ እጁ ተናገረ። አገሩ ሳይመለስ አሜሪካ ቀረ፤ የተመለሰው ኦክቶበር 2018 ነው። ያኔ «ስፖርትና ፖለቲካ አይቀላቀልም» ሲሉ የነበሩት፣ የሞንትሪያልን ወይም የሴኡልን ታሪክ ሲያነሡ አልሰማሁም።

ታሪኩ ግን እዚህ ላይ አላለቀም፤ የሚያስቸግረኝም ቀጥሎ ያለው ነው። ኖቬምበር 2021፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ጦር ግንባር እሄዳለሁ ሲሉ፣ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ለመዝመት ዝግጁ መሆኑን ተናገረ። ፈይሳም እንደዚሁ። ሪዮ ላይ ያጨበጨቡለት አንዳንዶቹ ተናደዱ፤ ሪዮ ላይ የተናደዱት ደግሞ አጨበጨቡ። ከሁለቱ ወገን ፈይሳ ያለውን በትክክል የተቃወመ ወይም የደገፈ ሰው መኖሩን እጠራጠራለሁ። ሁሉም የሚቆጥረው ማን ዘንድ እንደቆመ ብቻ ነው።

የእኔ አቋም ይኼ ነው፦ ሯጭ የፈለገውን ቢናገር መብቱ ነው፤ ሰውም ሊነቅፈው ይችላል። ግን «አቋምህን አሳየን» ብሎ ማስገደድ ያው ከሮተርዳም ወደ ሴኡል እንዳይሄድ የከለከለው እጅ ነው፤ አሁን መንግሥት ብቻ ሳይሆን እኛም በስልካችን እንሠራዋለን። ዝም ማለትም ፍርሃት ብቻ አይደለም፤ አንዳንዴ ቤተሰብን መጠበቅ ነው።

ጁላይ 2022፣ ዩጂን፣ ኦሪገን። ኢትዮጵያ አራት ወርቅ አገኘች፤ ሦስቱን ያመጡት የትግራይ ልጆች ናቸው፦ ለተሰንበት ግደይ፣ ጎይተቶም ገብረሥላሴ፣ ጉዳፍ ፀጋይ። አገር ቤት ያለው ሰው በደስታ ተጥለቀለቀ፣ መግለጫው ጎረፈ፣ አስተያየት ሰጪውም «እንዲህ ማለት ነበረባት፣ እንዲያ ማለት ነበረባት» አለ። ለተሰንበት 25 ዙሯን በ30 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ ጨረሰች። ወደ ትግራይ ስልክ አይሠራም ነበር።