ያለ ቪዛ ወደ ቃሊቲ

ሰኔ 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በኦጋዴን፣ በተኩስ መሃል፣ ሁለት ስዊድናውያን ቆስለው ተያዙ። አንዱ ጋዜጠኛው ማርቲን ሺቢዬ፣ ሌላው ፎቶግራፍ አንሺው ዮሃን ፔርሶን ነበሩ። ከፑንትላንድ ተነሥተው ድንበሩን የተሻገሩት ከኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር (ኦብነግ) ተዋጊዎች ጋር ነው። የኢትዮጵያ ቪዛ አልነበራቸውም።

ስቶክሆልም የሚኖር ሰው ላሊበላን ለማየት የቱሪስት ቪዛ ቢጠይቅ ብዙም አይቸገርም ነበር። ሁለቱን ያስቸገራቸው ማየት የፈለጉት ነገር ነው። በሶማሌ ክልል የሚካሄደውን፣ ከስዊድናውያኑ የሉንዲን ቤተሰብ ኩባንያዎች ጋር የተያያዘውን የነዳጅ ፍለጋ፣ በአካባቢው ሕዝብ ላይ ካደረሰው ጋር አያይዘው ሊዘግቡ አስበው ነበር። ለዚያ ግን ኤምባሲ ሄዶ ማመልከት ፋይዳ አልነበረውም። በሚያዝያ 1999 ዓ.ም. ኦብነግ አቦሌ ላይ የቻይናውያንን የነዳጅ ፍለጋ ጣቢያ አጥቅቶ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ከገደለ በኋላ፣ መንግሥት በአካባቢው ዘመቻ ከፍቶ ነበር። በቀጣዩ ወር ሦስት የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች እዚያው ተይዘው አምስት ቀን ታስረዋል። ከዚያ ወዲህ ኦጋዴን ለነፃ ዘጋቢ የተዘጋ አገር ነበረ ማለት ይቻላል።

ሁለቱ ስዊድናውያን ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ያለ ፈቃድ መግባታቸውን አልካዱም። ያለ ቪዛ ድንበር መሻገር በየትኛውም አገር ያስቀጣል፤ ይህን ማመናቸውም አያስገርምም። ጉዳዩን ያከበደው ሌላው ክስ ነው። ኦብነግን ፓርላማው ሁለቱ ከመያዛቸው ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ በአሸባሪነት ፈርጆት ነበር፤ ዐቃቤ ሕግም በጸረ ሽብር አዋጅ 652/2001 መሠረት ከሰሳቸው። ፍርድ ቤቱ ውሳኔውን ሳይሰጥ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ለአንድ የኖርዌይ ጋዜጣ ስለ ሰዎቹ ጥፋተኝነት በልበ ሙሉነት ተናግረው ነበር፤ ዳኛ ያልጨረሰውን ጉዳይ እንዲህ አስቀድሞ መደምደም ለችሎቱ የሚበጅ አልነበረም። ታኅሣሥ 11 ቀን 2004 ዓ.ም. ጥፋተኛ ተባሉ። ዐቃቤ ሕግ 18 ዓመት ከ6 ወር ጠይቆ ነበር፤ ታኅሣሥ 17 የተፈረደባቸው 11 ዓመት ሆነ።

የገቡበት ቃሊቲ ማረሚያ ቤት ያኔ የአዲስ አበባን ብዙ ፍርደኞች ከከርቸሌ ተረክቦ ነበር። «ዓለም በቃኝ» የሚባለው ይኸው የድሮ እስር ቤት ፈርሶ፣ በቦታው ላይ የአፍሪካ ኅብረት አዲስ ሕንፃ ቆሟል። ሕንፃው ጥር 19 ቀን 2004 ዓ.ም. ሲመረቅ ስዊድናውያኑ ፍርደኛ ሆነው አንድ ወር አልፏቸው ነበር። በቃሊቲ ግቢ ጋዜጠኛው እስክንድር ነጋን የመሰሉ የአገር ልጆችም ነበሩ፤ ለእነሱ ግን የማንም አገር ኤምባሲ አልነበረላቸውም።

ስዊድናውያኑ ይግባኝ ትተው ይቅርታ ጠየቁ። መለስ በነሐሴ 2004 ዓ.ም. አረፉ። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ፣ ጳጉሜን 5፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ላይ፣ ይቅርታ ከተደረገላቸው ብዙ እስረኞች ጋር ሁለቱም ተፈቱ። የታሰሩበት ጊዜ 438 ቀን ነው፤ በኋላ የጻፉት መጽሐፍና በ2019 እ.ኤ.አ. የወጣው ፊልም ርዕሱን ከዚያ ወሰዱ።

ቪዛ ያልጠየቀ ሰውም ቃሊቲ ደርሷል። የእንግሊዝ ዜጋ የነበሩት የተቃዋሚ ፖለቲከኛ አንዳርጋቸው ጽጌ በሰኔ 2006 ዓ.ም. ከዱባይ ተነሥተው ወደ ኤርትራ ሊያልፉ ሰንዓ አየር ማረፊያ ላይ ሳሉ ነው የተያዙት። ወደ ኢትዮጵያ የመጡት ባላመለከቱበት ጉዞ ነው። በሌሉበት ሞት ተፈርዶባቸው ስለነበር አዲስ ፍርድ አላስፈለገም። ግንቦት 21 ቀን 2010 ዓ.ም. ተፈቱ።

እንደ እሳቸው ዜግነታቸውን ለለወጡ ሰዎች ሕጉ በወረቀት ላይ ቸር ነበር። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 270 በትውልድ ኢትዮጵያዊ የሆኑ የውጭ ዜጎች መታወቂያ አውጥተው ያለ ቪዛ እንዲገቡ ፈቅዷል፤ የአያት ወይም የቅድመ አያት ኢትዮጵያዊነትም ይበቃል። ሰው ቢጫ ካርድ የሚለው ይኸው ነው። በደርግ ጊዜ ለመውጣትም ቪዛ ይጠየቅ እንደነበር ለሚያስታውስ ትልቅ ለውጥ ነው። የቢጫ ካርድ ባለቤት የታሰረ ዘመዱን ለመጠየቅ መጥቶ ስንቅ ይዞ ቃሊቲ በር ላይ ሲሰለፍ ግን፣ እንደ ማንኛውም ጠያቂ ተራ ጠባቂ ነው።

በ2009 ዓ.ም. መጨረሻ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤትና የኢትዮጵያ አየር መንገድ የኢንተርኔት ቪዛ አስጀመሩ፤ ፎቶና ፓስፖርት ስካን አድርጎ፣ ከፍሎ፣ ቤት ተቀምጦ መጠበቅ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት አፍሪካውያን ሁሉ ቦሌ ሲደርሱ ቪዛ እንዲያገኙ ተፈቀደ። ቀደም ብሎ፣ ሰኔ 28 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ፓርላማው ኦብነግን ከአሸባሪዎች ዝርዝር ሰርዞታል። ለዘገባ የሚመጣ የውጭ ጋዜጠኛ ግን ዛሬም የቱሪስት ቪዛ አይበቃውም፤ የተለየ ፈቃድ መጠየቅ አለበት።