ቅንጬ አረምን በጅቡቲ መተላለፊያ ላይ ለይቶ ማወቅ

በሥነ ዕፅዋት ሊቃውንት ዘንድ ፓርቴኒየም ሂስቴሮፎረስ የሚባለውና በአማርኛ ቅንጬ አረም በሚል ስም የሚታወቀው ዕፅ ከአሜሪካ ሞቃታማ ምድር የመነጨ፣ ከሱፍና ከኑግ ጋር በአንድ ቤተሰብ የሚመደብ፣ ዕድሜው ከአንድ ዓመት የማያልፍ ወራሪ አረም ነው። ወራሪ አረም የሚባለው ከትውልድ ቦታው ውጭ ደርሶ፣ በዚያ የሚገቱት ተባዮችና በሽታዎች ስለሌሉ፣ የአገሬውን ዕፅዋት እያፈናቀለ የሚስፋፋ ባዕድ ዕፅ ነው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘገባ የወጣው በ1988 እ.ኤ.አ. (ቀጥሎ ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከድሬዳዋ አካባቢ ሲሆን፣ አመጣጡን አንዳንዶች በ1980ዎቹ ከገባው የዕርዳታ እህል፣ ሌሎች ደግሞ ከ1977ቱ የኦጋዴን ጦርነት ተሽከርካሪዎች ጋር ያያይዙታል። ሁለቱም መላምቶች የሚያመለክቱት አረሙ በሰው ጭነትና ጉዞ የሚተላለፍ መሆኑን ነው።

የጅቡቲ ከተማ ለዚህ ጉዳይ ያላት ቦታ የሚመነጨው ከዚሁ ነው። የባቡር ሐዲዱ ሥራ በ1897 ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ፣ በ1917 ደግሞ አዲስ አበባ ደርሷል፤ አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡርም ከ2017 መባቻ ወዲህ መነሻውን በከተማዋ ዳርቻ ናጋድ ላይ አድርጓል። ከ1998ቱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ የኢትዮጵያ የወጪና ገቢ ንግድ አብዛኛው ክፍል በጅቡቲ ወደብ ስለሚያልፍ፣ በእህል ጆንያ፣ በጎማ ጭቃና በከብት መኖ የሚጓዝ ማንኛውም ዘር በዚህ መስመር ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ሊሻገር ይችላል። ከተማዋ በዓመት ከ200 ሚሊ ሜትር ያነሰ ዝናብ የምታገኝ በረሃማ ስለሆነች አረሙ በሁሉም ሜዳ ሊበቅልባት አይችልም፤ ስለሆነም ቀድሞ መፈለግ ያለበት እርጥበት በሚቆይባቸው ስፍራዎች ማለትም በአምቡሊ ደረቅ ወንዝ ዳር ባሉት የአትክልት ቦታዎች፣ ውሃ በሚንጠባጠብባቸው የቧንቧ ሥሮች፣ የጭነት መኪኖች በሚያርፉበት ፔካ ዱዝ እና በሐዲዱ ግራና ቀኝ ነው።

ዕፁን ለመለየት ዕድገቱን ደረጃ በደረጃ ማየት ያስፈልጋል። በለጋነቱ ግንድ ስለማያወጣ፣ ቅጠሎቹ ከአንድ መካከል ወጥተው መሬት ላይ በክብ ይነጠፋሉ። እያንዳንዱ ቅጠል ፈዛዛ አረንጓዴ፣ በስስ ጸጉር የተሸፈነና ጠርዙ በጥልቀት የተሰነጣጠቀ ሲሆን፣ ስንጥቁም በተራው ስለሚሰነጠቅ የካሮት ቅጠል ይመስላል፤ በሕንድ «የካሮት ሣር» የተባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ቆይቶ የሚወጣው ቀጥ ያለ ግንድ በቁመቱ የተቦረቦሩ መስመሮች አሉት፤ ወደ ላይ ሲደርስም በብዛት ቅርንጫፍ ያወጣል፤ በምቹ መሬት ከአንድ ሜትር ተኩል በላይ ሊያድግ ይችላል።

ወሳኙ ምልክት ግን አበባው ነው። ከሩቅ አንድ ነጭ ነጥብ የሚመስለው ነገር በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ሲሆን፣ ስፋቱ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ነው። በእጅ መነጽር ሲታይ ከስብስቡ ጠርዝ አምስት አጫጭር ነጭ አበቦች በአምስት ማዕዘን ቆመው ይታያሉ፤ ዘር የሚያፈሩትም እነዚሁ አምስቱ ናቸው። መካከሉም ነጭ እንጂ ቢጫ አለመሆኑ ከተመሳሳዮቹ ይለየዋል፤ ትራይዳክስ የሚባለው የመንገድ ዳር አረም መካከሉ ቢጫ ሲሆን አበባው በረጅም አገዳ ጫፍ ላይ ለብቻው ይቆማል። ጭቁኝም ቅጠሉ የተሰነጣጠቀ ቢሆንም በጠንካራ መዓዛውና ነጭ ጠርዝ በሌላቸው ቢጫማ አበቦቹ ይታወቃል። ካሮት ራሱ አበባውን እንደ ጃንጥላ ስለሚዘረጋ፣ አበባ ካወጣ በኋላ ከቅንጬ ጋር አይምታታም።

ስሞቹም ለመለየት ይረዳሉ። የአማርኛው ስም ከተከካ እህል የሚሠራውን ቅንጬ የሚያስታውስ ሲሆን፣ የተበተኑት ነጫጭ አበቦችም ያንኑ ይመስላሉ። በሐረርጌ «ፈረምሲሳ» ይባላል፤ ቃሉ በኦሮምኛ «አስፈራሚ» ማለት ሲሆን፣ ገበሬውን መሬቱን የሚያስለቅቅ መሆኑን ይናገራል። በሶማልኛ «ከሊጊኖሌ» ማለትም ብቻውን ኗሪ ይሉታል። በጅቡቲ መስመር ላይ ሾፌሩ፣ ነጋዴውና አርብቶ አደሩ በየቋንቋቸው የሚጠሩት ይህ ዕፅ አንድ መሆኑ ካልታወቀ፣ በአንዱ ዘንድ ያለው እውቀት ወደ ሌላው አይሻገርም።

ቀድሞ መለየትን የሚጠይቀው የጉዳቱ ክብደት ነው። በምሥራቅ ኢትዮጵያ የተደረገ የመስክ ጥናት አረሙ በማሽላ ምርት ላይ ከ40 እስከ 97 ከመቶ የሚደርስ ጉዳት እንደሚያስከትል አሳይቷል። ፓርቴኒን የተባለው በውስጡ ያለ ንጥረ ነገር በሚነኩት ሰዎች ቆዳ ላይ ሽፍታና ማሳከክ ያስከትላል፤ የአበባው ብናኝ አስም ያስነሳል፤ ከብት አረሙን ከበላም ወተቱ ይመራል።

አንድ ተክል ከ15,000 በላይ ዘር ሊሰጥ ይችላል፤ ከበቀለ ከአንድ ወር ገደማ በኋላም አበባ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ነጩን አበባ አይቶ መለየት ቀላል ቢሆንም ብዙ ጊዜ የዘገየ ነው፤ በዚያን ጊዜ የተነቀለ ተክል ዘሩን በነቃዩ እጅ፣ ልብስና ጫማ ላይ አሳፍሮ ይበትናል። በአምቡሊ አትክልት ዳር መሬት ላይ የተነጠፈውን ካሮት መሳይ ክብ ቅጠል ገና ግንድ ሳያወጣ አውቆ፣ በጓንት ከነሥሩ መንቀል የሚችል አትክልተኛ ግን ሺህ ዘሮችን አንድ ላይ ያስቀራል።