ጣሪያ የሰጡን ሰዎች

በሐዋሳ አዲስ ከተማ ለምንኖር ካቶሊኮች የቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ ረጅም አይደለም። የኮምቦኒ ሚስዮናውያን ሲዳማ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው፤ ሐዋሳ በስሟ የሚጠራ የካቶሊክ አስተዳደር የኖራት በ1969፣ የመጀመሪያውን ጳጳስ አቡነ አርሚዶ ጋስፓሪኒን ያገኘችው ደግሞ በ1979። በዚህም ሆነ በሌላ አገር ስለ ገዳማውያን ሲወራ የሚነሡት መሥራቾቹ ናቸው። እኔ ግን ማመስገን የምሻው ቤታቸውን ለገዳማውያን የከፈቱትን ቤተሰቦች ነው።

ከሁሉ በፊት ማይክል ጎሜዝን አስባለሁ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1949 በካልካታ፣ ክሪክ ሌን 14 ቁጥር ያለውን የቤቱን ላይኛ ፎቅ ለእማሆይ ቴሬዛ ሰጠ፤ ኪራይ አልጠየቀም። በመጋቢት የቀድሞ ተማሪዋ ሱባሺኒ ዳስ መጣች፤ ሌሎችም ተከተሉ። የእማሆይ ቴሬዛ የገዳማውያን ማኅበር በጥቅምት 1950 የጸደቀው እዚያው ሳሉ ነው። በ1953 ወደ ራሳቸው ቤት ሲዛወሩ የፍቅር ሥራው ጸንቶ ነበር፤ ከሃያ ዓመት በኋላም አዲስ አበባ ደረሰ።

የመሸበት መንገደኛ ደጃችን ሲቆም እናቴ «ቤት የእግዚአብሔር ነው» ትል ነበር። ጎሜዝ ይህን በሥራ ፈጸመው። ገንዘብ የሰጠ ከኪሱ ይሰጣል፤ ቤቱን የሰጠ ግን ልጆቹ ያደጉበትን፣ ሙታኑ የተለቀሱበትን ይሰጣል። ስለዚህ በየገዳሙ የመሥራቹ ስም በሚነሣበት ጸሎት የቤት ሰጪዎቹም ስም ይነሣ።